የኋላ ወንበር ፍርድ

ሙሄ መኪናዋን የገዛ ዕለት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያላየ ሰው የለም፤ ያላየ ካለም ሰምቷል። ቀይ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ዕድሜዋ ከሙሄ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ጀርባዋ ላይ ግን «ጂቲ» የሚል ብረት ተለጥፎባታል። ሰውዬውን ያሳበደው ይህ ብረት ነው። ኮሮላማ ሞልቷል፤ ጂቲ የሆነች ኮሮላ ግን ከጣርማ በር እስከ ከሚሴ እሷ ብቻ ናት ብሎ ሊምል የተዘጋጀ ነው። ሄዶ የቆጠረ ስለሌለ እኛም አንከራከረውም።

ሥራው የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። በቀወት ቆላ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ፓምፑ ማሳል ሲጀምር የሚደውለው ለሙሄ ነው። ስለዚህ መኪናዋ እየተወለወለች ለበዓል ብቻ የምትወጣ አይደለችም። መፍቻና ቱቦ ተጭኖባት ጠዋት አጣዬ፣ ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር ካለ ማሳ፣ ወደ ማታ ደግሞ ሂዳያን ልትወስድ ትምህርት ቤት በር ላይ ትገኛለች። በየቀኑ ትሠራለች፤ በየቀኑም ሙሄ ይወዳታል።

ሂዳያ ሚስቱ ናት፣ የሒሳብ መምህርት። የሒሳብ መምህርት ያገባ ሰው ያውቀዋል፤ ነገር አድበስብሶ ማለፍ የለም። መኪናዋ በተገዛች በወሩ የሂዳያ እናት እትዬ መሪያም ማሾ ተሸክመው የመስኖ ቦይ ሲሻገሩ ወደቁና ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ። ጀሶው ከወለቀ በኋላ ክንዱ ገጠመ፣ ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። ደብረ ብርሃን ያሉት ሐኪሞች አሥር ማክሰኞ እየመጡ እጃቸውን እንዲያሠሩ አዘዙ። ሂዳያ ማክሰኞ ታስተምራለች፤ ስለዚህ ወሳጁ ሙሄ ሆነ።

«ስማኝ» አለችው ሂዳያ። «እማዬ አሥሩንም ማክሰኞ በዚህች መኪና ሄዳ በዚህችው ከተመለሰች፣ መኪናዋ ትኑር፤ እኔም ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። አንድ ማክሰኞ ካስቀረቻት ግን ትሸጣለች። ዕቃ የሚጭን ባጃጅ እንገዛለን።»

ባጃጅ ነውር ሆኖ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ነጋዴውም ባለሥልጣኑም የሚሄደው በባጃጅ ነው። ግን ጂቲ እየነዳ የከረመ ሰው ወደ ባጃጅ ውረድ ሲባል ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል። ሙሄ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ሲነጋ መኪናዋን አስነስቶ ወደ ጋሼ ብርሃኑ ጋራዥ በረረ።

ጋሼ ብርሃኑ ከከተማው መውጫ ላይ ሠላሳ ዓመት መኪና የፈቱና የገጠሙ መካኒክ ናቸው። ሰውነታቸው ግዙፍ ነው፤ መቶ ሃያ ኪሎ ቢያንስ ነው። አንድ አመል አላቸው። መኪና ሲመጣላቸው ኮፈን አይከፍቱም። ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ወንበር ይቀመጡና ባለቤቱን «ንዳ» ይሉታል። በእግራቸው መዳፍ ወለሉን እያዳመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ አንድ ቦታ ደርሰው ይመለሳሉ። የመኪና በሽታ ለነጂው አይታወቅም፣ ነጂ በመሪው ተደልሏል፤ እውነቱ ያለው ከኋላ ነው ባይ ናቸው።

ሙሄ የሚፈልገውን በቃሉ ይዞ ነበር። ሰፊ ማርሚታ፣ ማለትም ስትመጣ ከሩቅ የምታስገመግም የጭስ ማውጫ። ድርብ ካርቡራተር። ደግሞ አጫጭር ጠንካራ ሞላ፣ መኪናዋን መሬት ላይ እንደ ድመት የሚያስተኛት። ጋሼ ብርሃኑ ሰምተው ሰምተው ጫማቸውን አወለቁ። ከኋላ ሲገቡ መኪናዋ ወደ ኋላ ሰጠም አለች። ሽቅብ ወደ አርማንያ ወጥተው፣ ቁልቁል ተመለሱ።

«ማርሚታው ጩኸት ነው፤ ጩኸት መኪና አይነዳም» አሉ ሲወርዱ። «ካርቡራተሩንም እርሳው። እዚህ ቆላ ያስተካከልኩት ጣርማ በር ላይ አየሩ ሲሳሳ ያስልብሃል፤ አንዱን ያልቻልን ሁለት ምን ይሠራልናል። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚህ መንገድ ሰው የሚሞተው ሽቅብ ሲወጣ ነው ቁልቁል ሲወርድ?»

«ሲወርድ» አለ ሙሄ።

«እንግዲያው የሚያንሳት ጉልበት አይደለም፣ ማቆሚያ ነው። የፍሬን ሸራውን በጥሩ እንለውጣለን፤ ዘይቱም አርጅቷል፣ ቁልቁለት ላይ ሲፈላ መርገጫው እንደ ቡኮ ይሆንብሃል። ቀጥሎ ራዲያተር። ከዚህ ሙቀት ተነስታ ያን ዳገት የምትወጣ መኪና በትልቅ ራዲያተር ነው የምትኖረው። ከዚያ ጎማ። ሲያልቅ ስለ ፍጥነት እናወራለን።»

«ሞላውስ?» አለ ሙሄ፤ ልቡ እዚያ ነበር።

«ሞላና ሾክ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳይጠየቅ እኔ ጋራዥ አይነካም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። ከኋላ የሚቀመጥልህ ማነው?»

«አማቴ።»

«በል እሳቸውን ጠይቅ።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገር የተበላሸው። ጋሼ ብርሃኑ ብልህ ናቸው፣ ደንባቸውም ደግ ደንብ ነው፤ ግን አማች አማቱን እንዲጠይቅ ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ አላሰቡትም። በእኛ አገር አማትና አማች እርስ በርስ አንቱ ይባባላሉ። ይከባበራሉ፣ ይፈራራሉ፤ አንዱ ሌላውን ከሚያስቀይም ምላሱን ነክሶ ይኖራል። እትዬ መሪያም ከሙሄ ጎን መቀመጥ እንኳ አፍረው፣ የፊት ወንበር ባዶውን እየሄደ፣ እሳቸው ከኋላ ጥግ ይዘው ነው የሚሄዱት። ቀጭን ናቸው፣ ከነልብሳቸው አርባ አምስት ኪሎ ቢሞሉ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማክሰኞዎች ግን ለወሬ የሚመቹ አልነበሩም፤ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ፍሬኑ ሲነካ ይይዛል። ራዲያተሩ ዳገቱን ሳያጉረመርም ጨረሰ። ድሮ ሙሄ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ውሃ ይጨምር ነበር፤ አሁን እጁን አውለብልቦ አልፎ ይሄዳል። ከጣርማ በር ዋሻ ሲወጡ ብርዱ ይቀበላቸዋል፣ እትዬ መሪያም ጋቢያቸውን ይደርባሉ፣ ሕይወት የምትባል ቀልጣፋ የሐኪም ቤት ባለሙያ እጃቸውን ታሻቸዋለች፣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። በሦስተኛው ማክሰኞ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ተገናኙ። ሲመለሱ የሙሄ ልብ ቅቤ ጠጥቶ ነበር፤ ደፍሮም ጠየቀ።

«እትዬ መሪያም፣ ከኋላ እንዴት ነው? ይመችዎታል?»

«ኧረ አልሐምዱሊላህ። አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ ነው።»

ሙሄ ይህችን ቃል ሳትበርድ ጋሼ ብርሃኑ ዘንድ አደረሳት። «አልጋ ካሉማ ለስልሷል ማለት ነው፤ ትንሽ ጠንከር ቢል አይጎዳቸውም» አሉ ጋሼ ብርሃኑ፣ ሞላውም ገባ። ተቀምጠው ሞከሩት። በመቶ ሃያ ኪሎ ሲጫን ጠንካራው ሞላ እሺ ጌታዬ ብሎ ለሰለሰ። ልክ ነው አሉና ጫማቸውን አጠለቁ።

አራተኛው ማክሰኞ ለሙሄ ዒድ ሆነለት። በአርማንያ ጥምዝ መኪናዋ አታዘነብልም፣ መሪው ገና ሲያስበው ይዞራል። ከኋላ እትዬ መሪያም ዚክር ያደርጋሉ። «ሱብሐነላህ፣ ሱብሐነላህ» ይላሉ። እስከ ደብረ ብርሃን አላቋረጡም። ሙሄ በሆዱ፣ ምን ያለች ቅን ሴት ናት ሚስቴን የወለደችልኝ፣ እያለ ነዳ። ሲመለሱም ጠየቃቸው፤ አልጋ ነው አሉት።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኸው ነው። ለአምስተኛው ማክሰኞ ደግሞ ጎማ ለወጠ፤ ጎኑ ቀጭን የሆነ፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ከመንገዱ እስከ ብረቱ ሁለት ጣት የማይሞላ ጎማ። ዝላዩን የሚያበርደውን ሾክም አጠነከረ። አሁን መኪናዋ ሳንቲም ብትረግጥ ዘውዱ ነው አንበሳው እስኪለይ ድረስ ሆነች። በየከተማው መግቢያ ላይ ያለውን የፍጥነት ማብረጃ በተሻገረ ቁጥር ከኋላ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሙሄ በመስታወት አያቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ቀኝ ክንዳቸውን በጋቢ ሸፍነው በግራቸው አቅፈውታል። አይ ኢማን አለ በልቡ።

ያን ቀን ሕይወት ጣቶቹን ስታይ ግንባሯን ቋጠረች። «እትዬ፣ እጅዎ ካለፈው ሳምንት ወደ ኋላ ሄዷል። አብጧልም። ምን ሠሩበት?»

«ብርዱ ይሆናል» አሉ እትዬ መሪያም።

«አዎ፣ የዚህ አገር ብርድ» ሲል ሙሄ ደገፋቸው፤ ምስኪን።

ሰኞ ማታ እትዬ መሪያም ደወሉ። ጎረቤት ሰው ሞቶባቸዋል። «ነገ ልቅሶ ልውል ነው፤ ቀጠሮውን ሕይወት ለረቡዕ አድርጋልኛለች፤ ረቡዕ ኢንሻ አላህ እንሄዳለን» አሉት። ሙሄ የሟቹን ስም እንኳ ሳይጠይቅ አላህ ይማራቸው አለ። ማክሰኞ ሥራ ስላልነበረው የፓምፕ ዕቃ ሊፈልግ ብቻውን ወደ ደብረ ሲና ወጣ።

ደብረ ሲና መቼም ቆሎ ነው። ሚኒባስ ሲቆም ሻጮቹ በየመስኮቱ ይንጠለጠላሉ። ከደብረ ብርሃን የመጣ አንድ ሚኒባስ ቆመ፣ ተሳፋሪው ሊፍታታ ወረደ፣ ከመጨረሻው ወንበር አንዲት ቀጭን ሴት ቀኝ ክንዳቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወረዱ። እትዬ መሪያም ናቸው።

ሙሄ አፉን ይዞ ቀረ። ልቅሶው ደብረ ብርሃን ነው እንዴ? ቀጠሮው ረቡዕ አልነበረም? እኔን ጠልተውኝ ነው? ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ አማት ፊት ግን ይጮሃል? ቀረብ ብሎ አንገቱን ሰበረ።

«እትዬ መሪያም፣ እንደምን ዋሉ?»

እሳቸውም ክው አሉ። ግን የተከበሩ ሴት ናቸው፣ ቶሎ ራሳቸውን ሰበሰቡ።

«ደህና ነኝ ሙሄ። እርስዎስ እንደምን ዋሉ? ቆሎ ይውሰዱ።»

ቆሎውን ተቀበለ። ሁለቱም ቆመው ቆሎ በሉ። ስለ ልቅሶ ያነሳ የለም፣ ስለ ቀጠሮ ያነሳ የለም። ስለ ዝናብ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሙሄ መኪናዋ እዚያ ጋ ናት፣ ይግቡ እንሂድ አላቸው። እምቢ ማለት ነውር ነው። እትዬ መሪያም መኪናዋን አዩ፣ ሚኒባሱን አዩ፣ ቢስሚላህ ብለው ከኋላ ገቡ።

ቁልቁል ወረዱ። ሙሄ ተናዷልና እግሩ ከበደ። ከአርማንያ በታች አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ አለ፤ መጀመሪያውን ጉድጓድ መኪናዋ ዘለለችው፣ ሁለተኛውን ግን እስከ አጥንቷ ወረደችበት።

«አንቱ ሰውዬ፣ ገደሉኝ እኮ!»

ሙሄ ፍሬን ያዘ። ጥሩ ፍሬን ነውና ወዲያው ቆመ። ዞሮ ሲያያቸው እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ክንዳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ነው። አፋቸው አንዴ ተከፍቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው አልተገኘም።

«አልጋ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። አልጋ ይቅር፤ መጅ ሥር እንደገባ እህል ነው የሆንኩት። አራተኛው ማክሰኞ ክንዴ አላስተኛኝም። አምስተኛው ማክሰኞ ነፍሴ ልትወጣ ሸሃዳዬን ስይዝ ነው የዋልኩት። ልቅሶም የለም፣ ማንም አልሞተም፤ ሊሞት የነበረው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ሙሄ።

«ምን ብዬ? ልጄ የፈረደችብዎን አልሰማሁም መሰለዎት? እኔ አመመኝ ካልኩ መኪናዋ በእኔ ምላስ ልትሸጥ ነው። ሮቢት ስንገባ ክላክስ እየነፉ ፊትዎ እንዴት እንደሚበራ አላይም? ስንት ዓመት ሠርተው የገዟትን፣ ለአንድ አሮጊት ክንድ ብዬ ላስነጥቅዎት? ማንም ሳያውቅ በሚኒባስ ደርሼ አሥሩን ልሞላልዎ ነበር።»

ሙሄ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ወንድ አያለቅስም የሚሉትን ተዉአቸው፤ እነሱ እንዲህ ያለች አማት አልገጠመቻቸውም። እሱ የመኪናዋን ጥምዝ አያያዝ ሲያደንቅ፣ እሳቸው የእሱን ደስታ በተሰበረ ክንዳቸው ተሸክመው ያን ሁሉ መንገድ ሄደዋል። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት በሁለተኛ ማርሽ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ ይቅርታ እየጠየቀ አዘገመ። አህያ የጫነ ሰው እንኳ አልፎት ሄደ።

ጋሼ ብርሃኑ ሲሰሙ ካስኬታቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መቶ ሃያ ኪሎ ሰው ተቀምጦ ለአርባ አምስት ኪሎ ሰው ሞላ ይመርጣል? ጎተራ ጭኜ ነው የፈተንኩት እኮ። እትዬ መሪያም፣ ከዛሬ ጀምሮ ፈታኟ እርስዎ ነዎት። ግን ይማሉልኝ፤ አልጋ የሚባል ቃል ከዚህ ጋራዥ በር እንዳይገባ።»

«ወላሂ፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው» አሉ እትዬ መሪያም፤ መማሉ ራሱ ደስ አሰኛቸው።

ሁለት ቀን ሙሉ ሞከሩ። አሮጌው ሞላ ሲመለስ እትዬ መሪያም ከጥምዙ ላይ አስቁመው ወረዱ፤ «ይሄኛው ደግሞ መርከብ ነው፣ ሆዴን አመሰው» አሉ። እንደ አሮጌው ረጅም የሆነ አዲስ ሞላ ገባ፤ «ደህና ነው፤ ግን ከጉድጓዱ ከወጣን በኋላ ሦስቴ ታነጥረኛለች» አሉ። ጋሼ ብርሃኑ ይህን ሲሰሙ ረዳት ሐኪም እንዳገኘ ዶክተር ፈገግ ብለው ሾኩን ለወጡ። ቀጭኑ ጎማ ወጣና ጎኑ ወፍራም፣ መንገድ የሚነክስ ጎማ ገባ። ከሥር፣ ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ወፈር ያለ የሚዛን ብረት ታሰረ፤ ይህ መኪናዋን ጥምዝ ላይ እንዳታዘነብል ይይዛታል፣ ጉድጓድ ላይ ግን አያደነድናትም። እትዬ መሪያም አርማንያ ደርሰው ሲመለሱ ምንም አላሉም። ሙሄ በመስታወት ቢያይ ተኝተዋል፤ ያንኮራፋሉም።

ሙሄን የገረመው ሌላ ነገር ነው። መኪናዋ እንዲህ ሆና ከበፊቱ ትፈጥናለች። ያ ጠንካራ ሞላ በተቦረቦረ መንገድ ጎማውን ከመሬት እያነሳ ያዘልለው ነበር፤ አሁን ጎማው መሬቱን ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህም መቀነስ በነበረበት ቦታ አይቀንስም። ፍጥነት ማለት ወገብ መስበር መስሎት የኖረ ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ተማረ።

የቀረው ሂዳያ ናት። መደበቅ ይችል ነበር፤ እትዬ መሪያምም ዝም ይበሉ ብለው ለምነውታል። ሙሄ ግን የሰው ውሸት ምን እንዳስከፈለ አይቷልና ያን ማታ ሁሉንም ነገራት፤ ሲጨርስ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

ሂዳያ መጀመሪያ ስለ እናቷ ክንድ አለቀሰች፣ ቀጥላ በሁለቱም ተቆጣች። «ቃል ቃል ነው» አለች። «እማዬ የቀሩትን አራት ማክሰኞዎች ትጨርስ፤ ከዚያ ትሸጣለች።» ሙሄ አልተከራከረም።

አራቱ ማክሰኞዎች እንደ አንድ ቀን አለፉ። እብጠቱ ጠፋ። እትዬ መሪያም ሲሄዱ ይተኛሉ፣ ሲመለሱ ይተኛሉ፤ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ደርሰው ሙሄ ሊቀሰቅሳቸው አፍሮ ሩብ ሰዓት ጠበቀ። በአሥረኛው ማክሰኞ ሕይወት ጣቶቻቸውን አጥፋ ለካች። «ብዙ መጥቷል እትዬ፤ ግን ገና አይጨብጥም። ቤትዎ ያሠሩት። ይመጣል፣ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም።»

በሳምንቱ ገዢ መጣ። ኡበይድ ይባላል፣ አጣዬ ሱቅ ያለው ጨዋ ልጅ ነው፤ ጂቲ የሚለውን ብረት በእጁ ሲዳስሰው ሙሄ ፊቱን አዞረ። ኡበይድ ልሞክራት አለ። ሊነሱ ሲሉ እትዬ መሪያም ከቤት ወጡና ሳይጠሩ ከኋላ ገቡ። «ከኋላ የተቀመጠ ሳይናገር መኪና አይነካም፤ የጋሼ ብርሃኑ ደንብ ነው» አሉ። እናት ናቸው፤ ይውረዱ የሚል አልተገኘም።

እስከ ከተማው መውጫ ነድቶ ሲመለስ የኡበይድ ፊት ፈክቶ ነበር። ሂዳያ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ኡበይድ ቁልፉን ነቅሎ ወረደና ለወጉ ያህል፣ ሰው እንደሚጠይቀው ጠየቀ።

«እትዬ፣ እንዴት ናት ታዲያ?»

«ወላሂ ብያለሁና ያየሁትን ነው የምነግርህ ልጄ» አሉ እትዬ መሪያም፤ ቀስ ብለው ወረዱ። «በዚህች መኪና አምስተኛው ማክሰኞ ላይ ሸሃዳ ይዣለሁ። እጄ አብጦ ሐኪሟ ምን ሠሩበት ብላኛለች። ከሷ ሸሽቼ በሚኒባስ የመጨረሻ ወንበር ተሳፍሬያለሁ። አማቼን የሚያህል ሰው መሪ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ያየሁት በዚህችው ውስጥ ነው።»

ኡበይድ ዓይኑ ፈጠጠ። ሙሄም ፈጠጠ። ከተናገሩት ውስጥ አንዲት ውሸት የለችበትም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልጨመሩም፤ ማን ጠየቃቸው?

ኡበይድ ሞኝ አይደለም። አሮጊቷን አየ፣ ሙሄን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ መጣ። «ይቅርብኝ እትዬ» አለና ቁልፉን ለሙሄ ዘረጋ።

ሙሄ እጁን ሳያነሳ እትዬ መሪያም ቀደሙት። ቁልፉን ከልጁ መዳፍ ላፍ አደረጉት። በቀኝ እጃቸው ነበር። ሁሉም አየው፤ መጨረሻ ያዩት እሳቸው ናቸው። አምስቱም ጣቶች ቁልፉ ላይ ተከድነዋል፣ ጉልበት ስለያዙ አንጓዎቹ ነጥተዋል።

«እማዬ» አለች ሂዳያ። «እጅሽ።»

እትዬ መሪያም እጃቸውን የሰው ዕቃ ያገኙ ይመስል ወደ ፊታቸው አምጥተው አዩት። ወሩን ሙሉ ትራስ ሲጨምቁ፣ ሊጥ ሲጨምቁ እንቢ ያለ እጅ ነው። ሂዳያ መጥታ ጭብጡን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሯን አስደገፈችበት።

«ቁልፉን ትወስጂብኛለሽ?» አሉ እናቷ።

«ዘጠኝ ማክሰኞ» አለች ሂዳያ ቀና ሳትል፣ «ሲጠጋጋ አሥር ነው። ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነው የማስተምረው።»

ኡበይድ ግባ ተባለና ምሳ ቀረበ። እትዬ መሪያም በግራ እጃቸው ውሃ ጠጡ፤ ቀኝ እጃቸው ቁልፉን እንደያዘ የዙህር ሶላት ሰዓት አለፈ፣ አንድ ገበሬ ፓምፕ ተበላሸብኝ ብሎ ሁለቴ ደወለ፤ ሙሄ ግን ቁልፉን አልጠየቃቸውም።